የለመደ ብረት

ሰገን ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ የአባቷ ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። «አሮጌውን ይግጠምልን። ሰገን ትፈርማለች» አሉ አቶ አድማሴ። ወንድሟ ታደለ አልመለሰም። በዚህ ቤት የተናገረ ይወስናል፣ ዝም ያለ ይፈጽማል፣ ያልተጠራ ይፈርማል። ሰገን ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠላት ቧንቧውን ዘግታ ቆመች። አንድ ቃል የሚጨምሩ መስሏት ነበር፤ «ትጠየቅ» ወይም «ትምጣና እንንገራት» የሚል። አባቷ ግን ስለ ደመናው ማውራት ጀመሩ፤ ሌሊቱን በጣራ ገዳም በኩል ሲያጉረመርም አድሮ ጠብ ሳይል መቅረቱን።

ሚኒባሷ በሰገን ስም ናት። ሰገን ገንዘብ ስላላት አይደለም፤ የምትሠራበት የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ የሚከፍላት ደመወዝ አንድ ጎማ እንኳ በቅጡ አይገዛም። መኪናዋ ስትገዛ ታደለ ከሚስቱ ጋር በፍቺ ፍርድ ቤት ይመላለስ ስለነበር፣ ንብረቱ ለሁለት እንዳይቆረስ ተብሎ ሊብሬው በእህቱ ስም ወጣ። ያኔም የጠየቃት አልነበረም። መታወቂያሽን አምጪ ተባለች፤ አመጣች። የወንድሟ ሚስት ሁለት ፌስታል ልብስ ብቻ ይዛ ስትወጣ ሰገን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ «ደህና ሁኚ» ከማለት ሌላ ያለችው ነገር የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ታደለ ከሐሙሲት ሲመለስ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ትንሽ እንደ ሄደ፣ የሰው በሬ ገጨ። በሬው እዚያው ሞተ። የሚኒባሷ ግራ ፊት ተጨፈለቀ፤ ጎማዋ እንደ ተሰበረ እግር ወደ ውስጥ ታጠፈ። የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ ፎቶ አነሳና ላሜራው ተቀጥቅጦ እንዲሠራ፣ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘው ብረት ግን በአዲስ እንዲቀየር ጽፎ ሄደ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራውን አይቶ ባለንብረቷን ያስፈርማል። ባለንብረቷ ሰገን ናት።

ወደ ቤት ስትገባ አባትና ልጅ ወሬያቸውን አቆሙ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ መስኮቱ የተደረደረ የሩዝ ጆንያ። ታደለ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የአንድ እጁን ጥፍር በሌላው ይፈቀፍቃል። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ሰውነቱ ቀንሷል፤ እናታቸው ወይዘሮ ሸዋዓለም ያስገጨው ዓይነ ጥላ ነው ይላሉ፤ ሰገን ደግሞ ስልክ ነው ትላለች። ስልክ እያወራህ ነበር ብላ በመጀመሪያው ቀን ጮኻበታለች፤ አልካደም።

«የምፈርመው ምንድን ነው?» አለች ሰገን።

«ቁርስሽን ብይ» አሉ እናቷ።

«አሮጌ የሚገጠመው ምንድን ነው አልኩ።»

አቶ አድማሴ ከዘራቸውን አነሱ። «ጋራዥ ስትመጪ ታይዋለሽ። ሴት ልጅ በባዶ ሆድ አትከራከርም» አሉና ወጡ። ታደለ ተከተላቸው። ሰገን ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ተነሳች፤ እናቷ ሦስተኛውን እጃቸው ላይ ይዘው ቀሩ።

ወረታ በግንቦት መጨረሻ አቧራና ገለባ ናት። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ከጠዋት ጀምረው ይጮኻሉ፤ ደጃቸው ላይ የተቆለለውን ገለባ ነፋስ ባነሳው ቁጥር ባጃጆቹ መብራት ያበራሉ። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት መታጠፊያ ትንሽ ገባ ብሎ የአዛናው ጋራዥ አለ፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ግቢ። አዛናው አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሆዱ ከቱታው የተጣላ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ሰገን ስትደርስ ሁለት ብረት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ የአባቷን ውሳኔ ይጠብቅ ነበር። አንዱ ከካርቶኑ ግማሽ ወጥቶ ግራሶው እንኳ ያልተነካ ነው። ሌላው ታጥቦ፣ ተሞርዶ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከአዲሱ የበለጠ ያብረቀርቃል። ታደለ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ይኸውልዎ አያ አድማሴ» አለ አዛናው ጥቁሩን እየዳበሰ። «ይህ የጃፓን ነው። ያኛው ካርቶኑ ነው የጃፓን።»

«ያኛው በኢንሹራንሱ ማኅተም ከባሕር ዳር የመጣ ነው» አለች ሰገን። «ማኅተሙን እኔም ማንበብ እችላለሁ።»

«አንቺማ ምን የማታነቢው አለ። እኔ የምለው ስለ መልመድ ነው። ይህ ብረት አንድ ነገር ሳይሆን ስድስት ዓመት ጎንደር ባሕር ዳር ተመላልሷል። አዲሱ ግን ገና ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ወይፈን በለው።»

አቶ አድማሴ ጥቁሩን ብረት በሁለት እጃቸው አነሱት። ክብደቱን ለኩ፤ ጫፉን በጣታቸው አንኳኩ፤ የከብት አንገት እንደሚያዩ ሁሉ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን ተመለከቱ። ሰገን ይህን አኳኋን ታውቀዋለች። አባቷ ከብት ገበያ ውስጥ ጥርስና ሰኮና የሚያዩት እንዲህ ነው። ከተማ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቲማቲም ሲገዙም፣ ሐኪም ሲመርጡም፣ ለታደለ ሚስት ሲያጩለትም የመዘኑት በበሬ ሚዛን ነው። አዛናውም ይህን ያውቃል።

«የለመደ ነው» አሉ አቶ አድማሴ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ወይፈን ትልም እስኪያውቅ ሁለት ክረምት ይበላሃል። ሥራ ያየ ነው እንጂ ሥራ የሚያውቀው።»

«ብረት አይለምድም አባዬ። ብረት ይደክማል።»

አዛናው ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ የብረት ድካም ነው? የኔን ድካም ማን ያስተምርልኝ።»

«ከየት መኪና ላይ ነው የፈታኸው?»

«ከደብረ ታቦር መውረጃ ላይ ከተገለበጠች ሚኒባስ።»

«አሁን አንድ ነገር ሳይሆን ስድስት ዓመት ተመላለሰ አላልክም?»

«ብረቱማ አንድ ነገር አልሆነም። ሹፌሩ ነው እንጂ» አለ አዛናው፤ ቀልዱ ለራሱም ስላልጣመው ወዲያው ጨርቅ አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። ከመኪናዋ ሥር የሚወጣው የመፍቻ ድምፅ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

ነገሩን አባቷ የነገሯት ከጋራዡ በር ወጥተው ጥላ ሥር ከቆሙ በኋላ ነው፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ለአላፊ አግዳሚው የሚናገሩ ይመስል። በሬው የተገጨበት ተክለ ማርያም የሚባል ገበሬ ነው። ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጠው በሬ በበሬ ብለው ፈርደዋል፤ አቶ አድማሴም ለሰኔ ሚካኤል በሬውን ደጁ ላይ አስራለሁ ብለው መስቀል ስመዋል። ኢንሹራንሱ የበሬውን ዋጋ የሚከፍለው የፖሊሱ ወረቀት አልቆ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አጽድቆ፣ ምናልባት መስከረም ላይ ነው። ሩዝ ደግሞ መስከረም አይዘራም። አዲሱ ብረት ሰባ ሁለት ሺህ ብር ያወጣል፤ አዛናው ለአንድ ነጋዴ ሊሸጠው ተነጋግሯል። የታደሰው አሥራ ስምንት ሺህ ነው። ከልዩነቱ ላይ ትንሽ ሲጨመርበት የለመደ በሬ ይገዛል።

«ወንድሜ እኮ ነው የሚነዳው» አለች ሰገን። «አሥራ አምስት ሰው ጭኖ።»

«በመኪና የማይሄድ ሰው የለም። ሁሉንም የሚጠብቅ ይጠብቀዋል። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ሰገን ከዚያ በላይ አልቆመችም። መቆም አትችልበትም፤ ሰው ቃሉን እስኪጨርስ የምትጠብቀው ደም ስትቀዳ ብቻ ነው ይሏታል ክሊኒክ ያሉት። ወደ ሐሙሲት በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ዘላ ገባች፤ ተክለ ማርያምን ራሷ አይታ እስከ መስከረም እንዲታገሥ ልትጠይቀው። ሽማግሌ የፈረደውን ሴት ልጅ ብቻዋን ሄዳ ማፍረስ እንደማይገባ ታውቃለች። ግን ሽማግሌዎቹ የሚገጠመውን ብረት አላዩትም። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከግራም ከቀኝም ሜዳው ተዘርግቶ ከሰማዩ ጋር እስኪገናኝ ዛፍ አይታይም። ከሳምንታት በኋላ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር አሁን ተሰነጣጥቆ ሰው ይጠብቃል። እዚህም እዚያም ጥማድ ይታያል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ሁሉም ሰው ከዝናቡ ጋር ተሽቀዳድሟል። ረዳቱ ስድሳ ብር ተቀብሎ መልስ ሳይሰጣት ከድልድዩ በፊት አወረዳት። መንገድ ዳር ሩዝ የምትሸጥ ሴት የተክለ ማርያምን ማሳ በእጇ አሳየቻት።

ተክለ ማርያም የቀረውን በሬ ከሰው በተዋሰው ወይፈን አቀናጅቶ እያረሰ፣ ወይም ሊያርስ እየሞከረ ነበር። በሬው ሁልጊዜ በቀኝ የተጠመደ ነው፤ ትልሙን ይዞ ይሄዳል። ወይፈኑ ሁለት እርምጃ ይሄድና ይቆማል፤ ከዚያ ቀንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሲመታ ደግሞ ይተኛል። የታረሰው መሬት እባብ የሄደበት ይመስላል። ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቁምጣውና እግሩ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ሰገን ማን መሆኗን ስትነግረው ሞፈሩን ለቀቀና እጁን በቁምጣው ጠርጎ ጨበጣት።

«የሹፌሩ እህት ነሽ? በይ ቁጭ በይ። መቀመጫ የለም፤ ግን ቁጭ በይ።»

ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሰገን ስለ ኢንሹራንሱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ መስከረም ነገረችው። ስለ ብረቱም ነገረችው። ይህን ለማለት አላሰበችም ነበር፤ የሰውዬው ዝምታ አወጣባት።

«እኔ እጠብቅሽ ነበር ልጄ» አለ ተክለ ማርያም። «መሬቱ ነው የማይጠብቅሽ። ይህን ወይፈን አየሽው። ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም፤ ግን ከእሱ ጋር ክረምቱን አልገፋም። ያ ብረት ምን የሚሠራው ነው?»

«ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማውን የሚያዞረው እሱ ነው።»

ተክለ ማርያም ወደ መንገዱ አየ። «ያን ቀን በደንብ አዙሮታል» አለ። «ንግሥቲን ላለመግጨት ነው እኮ።»

«ንግሥቲ ማን ናት?»

«ልጄ ናት፤ ትንሿ። በሬውን ልትመልስ መንገድ ገብታ ነበር። ወንድምሽ ወደሷ የመጣውን ወደ በሬው መለሰው። በዓይኔ ነው ያየሁት። አልነገሩሽም? ዶሮ ይዤ ቤታችሁ መጥቼ አልነበር?»

ሰገን ዶሮውን በልታዋለች። እሑድ ዕለት ነበር፤ እናቷ ከገበያ ነው ብለዋል። ልጅ ነበረች ከተባለ ፖሊሱ ሌላ ወረቀት ይከፍታል ብለው አባቷ ታደለን ለሁሉም ዝም እንዲል መክረውት ይሆናል፤ ወይም አልመከሩትም፤ ታደለ ራሱ መናገር ደክሞት ይሆናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ፣ ስልክ ስትለው ጥፍሩን ሲፈቀፍቅ ነበር።

«ታዲያ ልጅህን ካተረፈልህ በሬውን ለምን ትጠይቀዋለህ?» አለች፤ አንቱ ማለቱን ረስታ።

ተክለ ማርያም አልተቆጣም። «ልጄን አተረፈልኝ፤ በሬዬን ገደለብኝ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ለልጄ ዶሮ አመጣሁ፤ ለበሬዬ በሬ አምጡ።» ጅራፉን ጭኑ ላይ እየጠቀለለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያባትሽ ቀዩ በሬ የግራ ነው፤ እንደ ሞተብኝ። እኩል አራሹ ዘንድ ነው ያለው፤ ከወረታ ወጣ ብሎ። አገር ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹም ያውቁታል። ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የሰው ጥማድ አይጠየቅም፤ ሚስትህን ፈተህ ስጠኝ እንደ ማለት ነው።»

«እኔ ብጠይቅስ?»

«አንቺ ልጃቸው ነሽ። ልጅ ምን የማትለው አለ» አለ ተክለ ማርያም፤ ተነስቶም ወይፈኑን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

ወደ ወረታ ስትመለስ የተሳፈረችባት ሚኒባስ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰባት፤ ጋራዡ የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። የኢንሹራንሱ ሰው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፤ ከዚህ ጎንደር የሚሄድ ነው። ሚኒባሷ በአራት እግሯ ቆማለች። ጥቁሩ ብረት ከጠረጴዛው ላይ የለም። የአዲሱ ካርቶን ተከድኖ ከጎማዎች ኋላ ተሸጉጧል። አቶ አድማሴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው አፈር ይጭራሉ፤ ቀና ብለው አላዩአትም። አዛናው ግን እንደ ሙሽራ ተቀበላት።

«ባለቤቷ መጣች። እስክሪብቶ ስጡልን።»

ሰውዬው ቅጹን ዘረጋላት። በአዲስ ተቀይሮ ተረክቤአለሁ ይላል፤ ከሥሩ ለስሟ የተተወ ባዶ መስመር አለ። ሰገን እስክሪብቶውን ተቀበለች። አባቷን ለብቻቸው ጠርታ ብትነግራቸው እንደሚሻል ገብቷት ነበር። ለብቻቸው ቢሆን ግን እሳቸው አይሆንም ይላሉ፤ እሷ ትጮኻለች፤ ቅጹ ይፈረማል። በሰው ፊት የተባለ ነገር ነው እዚህ አገር መልስ የሚያስፈልገው።

«አባዬ፣ ቀዩን በሬ ለአያ ተክለ ማርያም ይስጡልኝ» አለች። «ዛሬ አነጋግሬዋለሁ። የግራ በሬ ነው የሚፈልገው። የአንቱ የግራ ነው። አዲሱ ብረት ካልገባ አልፈርምም።»

አቶ አድማሴ መሬቱን መጫር አቆሙ። ያ በሬ ከመንደር ከወጡ ወዲህ የቀራቸው ነገር ነው፤ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ሰዓት በእግር ሄደው አይተውት፣ መዥገር ለቅመውለት ይመለሳሉ። የሚያርሰው እኩል አራሹ ነው፤ ሲጠየቁ ግን ዛሬም «ገበሬ ነኝ» ነው የሚሉት።

«አዲሱ አልገባም እንዴ?» አለ የኢንሹራንሱ ሰው።

«እየገባ ነው፤ ለልክ ያህል አሮጌውን አስገብተን ነበር» አለ አዛናው ዓይኑን ሳያሽ። «ትንሽ ጊዜ ይስጡን እንጂ። ሻይ ይምጣልዎ?»

«መስከረም ላይ ኢንሹራንሱ ሲከፍል ሌላ ይገዛሉ አባዬ።»

«መስከረም የሚታረስ መሬት የለም» አሉ አቶ አድማሴ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ እሷ የተዘጋጀችው ለቁጣ ነበር። የኢንሹራንሱን ሰው አዩት፤ አዛናውን አዩት፤ ሁለቱም ምን እንደሚመልሱ ይጠብቃሉ። ቃል ሰጥተው በሬ እያላቸው በሰው ብረት ሊከፍሉ ነበር የሚለው ወሬ ነገ የት እንደሚደርስ ለመገመት ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። በደጁ ባጃጅ ጠርተው ሲገቡ ሰገን በቆርቆሮው ክፍተት አየቻቸው።

ያኔ ታደለ፣ ማንም ሳያዘው፣ ክሪኩን እየጎተተ መጣ። መኪናዋን አነሳት፤ ጎማውን ፈታ፤ ሥሯ ገባ። ሰገን አጠገቡ ቁጢጥ አለች። የሚታያት የወንድሟ አገጭና በዘይት የጠቆረ አንገቱ ነው።

«ስለ ልጅቷ ለምን አልነገርከኝም?»

ብሎኑ እምቢ ብሎት ሁለት ጊዜ ታገለው። «ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ስልክ ነው አልሽ፤ ስልክ ሆነ። መፍቻውን አቀብዪኝ፤ ትልቁን።»

አቀበለችው። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ መፍቻ ብቻ ነው። ብረቱ እስኪቀየር የኢንሹራንሱ ሰው ሦስት ሻይ ጠጣ፤ አዛናው ስለ ቤንዚን ወረፋ፣ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ዘንድሮ ስለ ጠፋው ብሎን አወራው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሰውዬው ተጎንብሶ ባትሪ አበራና አየ፤ ማኅተሙን ከካርቶኑ ላይ ቆርጦ ወሰደ። ሰገን ፈረመች። እጇ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልተሰማትም፤ ክሊኒክ ውስጥ በቀን አርባ ጊዜ የምትፈርመው ፊርማ ነው። አዛናው ጥቁሩን ብረት ለሌላ ሰው ይሆናል ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ታደለ መሪውን ልሞክር ብሎ በሐሙሲት መንገድ አወጣት። ሰገን ጋቢና ገባች። ከከተማው ሲወጡ ፍጥነት ጨመረ፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሞከረ፤ ወደ ግራ ሞከረ፤ መኪናዋ ትታዘዛለች። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሊፈታ የፈለገ መሰለ፤ ወዲያው ግን እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

ከፊታቸው፣ አስፋልቱ ዳር፣ አቶ አድማሴ በሬ እየነዱ ይሄዳሉ። ቀይ፣ ሰፊ፣ ቀንዱ የተንጨባረረ በሬ ነው። የግራ በሬ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ በቀኙ በኩል ሌላ በሬ ኖሮ ያውቃል፤ ለጓደኛው የሚሆን ቦታ እየተወ ወደ አስፋልቱ ይገፋል። አቶ አድማሴ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ትከሻቸው ላይ አጋድመው በዚያ ባዶ ቦታ ገብተው ከጎኑ ይራመዳሉ። እርምጃቸው እኩል ነው። ተክለ ማርያም ማሳ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራል።

ሰገን መስታወቱን አወረደች። «አባዬ፣ ይግቡ። በሬውን እኔ እነዳዋለሁ» አለች። አባቷ አልዞሩም። የሰሙ መሆናቸውን ያወቀችው ለበሬው አንድ ቃል ስላሉት ነው፤ ምን እንዳሉት ግን አልተሰማትም።

ከኋላቸው ከባድ መኪና ደርሶ ጥሩምባ ነፋ። ታደለ እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፍ፣ እለፍ አለው። ከባዱ መኪና እያጓራ አለፈ፤ አቧራው በሬውንም ሰውዬውንም ሸፍኖ ገለጣቸው።

«ልለፋቸው?» አለ ታደለ።

ሰገን ሰዓቷን አላየችም። «ተዋቸው» አለች። ታደለ ማርሹን ወደ አንደኛ መለሰው። መኪናዋ በበሬው እርምጃ ተከተለች፤ የፍጥነት መለኪያዋ ከዜሮ አልተነሳም።